ሁለት እጅ ቀለም

ቀለም ቀቢው አጥብቆ የሚያምነው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለት እጅ ቀለም የማይሸፍነው ነገር ዓለም ላይ የለም። የተሰነጠቀ ግድግዳ ሲያሳዩት ጠጋ ብሎ ያየውና «ዕዳው ገብስ ነው፤ ትንሽ ስቱኮ፣ ከዚያ ሁለት እጅ» ይላል። የዛገ አጥር፣ የጠቆረ በር፣ ልጅ በእርሳስ የሞነጫጨረው ሳሎን፣ ለሁሉም መድኃኒቱ ያው ነው። አንድ ጊዜ የተጣሉ ባልና ሚስት ለሽምግልና ቢጠሩት የሁለቱንም ነገር ሰምቶ ሳይጨርስ «በሉ በላዩ ላይ እለፉበት» ብሎ አሳስሞ ሸኛቸው አሉ። በሳምንቱ ሳህን ተወራውረዋል፤ እሱን ግን ሲያወራ አይጨምረውም። ሰፈሩ በዚህ የተነሳ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ትቶ «ሁለት እጅ» ይለዋል። እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎታል።

የራሱ ቤት የሙያው መታያ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ሳሎን ያስገባና ግድግዳውን በመዳፉ እየደባበሰ ያስጎበኛል። የበሩ መቃን፣ የመስኮቱ ክፈፍ፣ መደርደሪያው ሳይቀር ቅቤ የጠጣ ቅል መስሎ ያብረቀርቃል። እዚያ ቤት እድፍ ውሎ አያድርም። ከአንዷ በቀር ማለት ነው። በልጁ መኝታ ክፍል፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋዋ ራስጌ በስተጀርባ መዳፍ የምታክል ጥቁር ነገር ብቅ ትላለች። ሁለት እጅ ይጥልባታል፤ ትጠፋለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ዕቃ ረስቶ እንደ ሄደ እንግዳ ተመልሳ ትመጣለች። እሱም ሳይታክት ይቀባታል። ዳቦ ቤት የምትሸጠው ሚስቱ፣ ግድግዳው በዚህ ዓይነት መወፈሩን ከቀጠለ ልጅቷ አድጋ ስትዳር ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ቦታ ለአንድ ወንበርም አይበቃም ትለው ነበር።

ልጅቷ ለቤቱ አንድ ናት። ቀጭንና ወሬኛ ስለሆነች አባቷ «ድንቢጥ» ብሎ አወጣላት። ከእንቅልፏ ስትነቃ የጀመረችውን ወሬ ማታ ስትተኛ እንኳ አትጨርሰውም። ግን አስም ነበረባት። ደህና ስትስቅ የነበረች ልጅ ድንገት ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ደረቷ ውስጥ ፉጨት ይሰማል፣ ከዚያ ወሬው ይቋረጣል። አባቷን ከሳሉም ከፉጨቱም ይልቅ የሚያስፈራው የወሬው መቋረጥ ነበር። ያን ጊዜ ሁለት እጅ ለዚህ እንደማይሆን ያውቃል፤ ሌላ የሚያውቀው ደግሞ የለም።

የሚያንገበግበው ነገር ሌላ ነው። ድንቢጥ እትዬ ቤት አትስልም። እትዬ የሚስቱ ታላቅ እህት ናቸው፤ ቤተሰቡ ሁሉ እትዬ ስለሚላቸው ሌላ ስም ያላቸው አይመስልም። ልጅቷ በታመመች ቁጥር ወስደው ያሳድሯታል፤ ባደረች ቁጥርም ጉንጯ ቀልቶ፣ ወሬዋ በእጥፍ ጨምሮ ትመለሳለች። እትዬ ምስጢሩን ሲጠየቁ ፈገግ ይሉና «ሥርዓት ነው፤ ቤት በሥርዓት ሲያዝ ልጅ ጤና ያገኛል» ይላሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ባለፈው ልጅቷ ክፉኛ ታማ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ እትዬ ሳሎኑ መሀል ተቀምጠው የሆዳቸውን አወጡት። ልጅቷን ስጡኝ፣ ከእኔ ጋር ትኑር፣ ትምህርት ቤቱም ለኔ ቤት ይቀርባል አሉ። ቀለም ቀቢው ሚስቱ ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። ሚስቱ ግን አልተቆጣችም። ሌሊቱን ሙሉ ልጅ ደረቷ ላይ አስደግፋ ያደረች ሴት ነበረችና ለመቆጣት የሚሆን አቅም አልተረፋትም። በመጨረሻ፣ ጤና ጣቢያው አስም ላለባቸው ልጆች ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ እልካለሁ ብሏል፣ ትምጣና ትየው፣ ቤቱ ለልጅቷ አይሆንም ካለች እትዬ ይውሰዷት አለች። እሱም እሺ አለ። በግድግዳዎቹ ይተማመን ነበር፤ እንቢ የሚልበት ሌላ ምክንያትም አላገኘም።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ነርሷን ቤት ልትመረምር የምትመጣ ሳይሆን ሙሽራ ልታጭ የምትመጣ አስመሰላት። ቤቱን እንዳለ ማሳየት ለእሱ ፀጉሩን ሳያበጥር ፎቶ እንደ መነሳት ነበር። ስለዚህ ሥራውን ትቶ ቤቱን በሙሉ እንደ አዲስ ቀባው። ድንቢጥ ክፍል ውስጥ ለዚያች ጥቁር ነገር ሁለት እጅ አልበቃ ብሎት ሦስተኛ ጣለባት። የተረፈውን ቀለም ለዓይን እንዳይከፋ ጣሳ በጣሳው አድርጎ አልጋዋ ሥር አስገባ። ከጎረቤት እግር የሚውጥ ወፍራም ምንጣፍ ተውሶ አነጠፈ። ሚስቱም እልህ ያዛትና ወለሉን በበረኪና አጠበችው፤ በረኪናው እንዳይሸት ደግሞ የአበባ ሽታ ያለው ነገር ነፋችበት። ድንቢጥ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ካየች በኋላ «አባዬ፣ የሚዳረው ማነው?» አለችው።

በቀጠሮው ቀን ከነርሷ በፊት የደረሱት እትዬ ናቸው። ፍርዱን በጆሯቸው ሊሰሙ ነው። ባዶ ሻንጣም ይዘዋል። ሻንጣውን ከሶፋው አጠገብ አቁመው ምንም እንዳላመጣ ሰው ሻይ ጠየቁ። ቀለም ቀቢው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓይኑ ከሻንጣው አልተነሳም።

ነርሷ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ትከሻዋ ላይ የጨርቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ነበረች። ገና ከበሩ ስትገባ ዓይኗን ጭፍን ክፍት አደረገች። ቀለም ቀቢው ግድግዳው አስደንቋት መሰለው። እሷ ግን መስኮት ብንከፍት አለች በትህትና። ቀለም ቀቢው ደስ እያለው ሄዶ እጀታውን ያዘ። መስኮቱ ንቅንቅ አላለም። በትከሻው ገፋው። ሌላኛውን ሞከረ። ለካስ በየጊዜው ክፈፉን ሲቀባ፣ ቀለሙ መስኮቱንና መቃኑን አጣብቆ አንድ አካል አድርጓቸዋል። በዚያ ቤት ላለፉት ዓመታት መስኮት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ብርሃን የሚያስገባ ግድግዳ እንጂ። ግንባሩን እየጠረገ፣ ለብርድ ብዬ ሆን ብዬ ያደረግኩት ነው አለ። እትዬ ሻያቸውን ፉት አሉ።

ድንቢጥ ያን ጊዜ ለነርሷ ስለ ትምህርት ቤቱ ድመት እያወራች ነበር። ድመቷ ጣራ ላይ ወጥታ ልትዘል ስትል ወሬው ተቋረጠ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ።

ነርሷ አልተደናገጠችም። ልጅቷን እጇን ይዛ ወደ ግቢው አወጣቻት፣ ወንበር ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት፣ ፓፉን አመጡላት። ያን እየነፉ ወደ አፍ የሚስቡትን መድኃኒት በደንብ ነቀነቀችው፣ ከቦርሳዋ ያወጣችው ሰፊ ቱቦ ላይ ሰካችው፣ «ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ ማንም አይቀማሽም» አለቻት። ሚስቱ ፓፉን ያለ ቱቦ ስትሰጣት እንደኖረች፣ ግማሹም ምላሷ ላይ ሲቀር እንደኖረ ያን ጊዜ ነው የገባት። በየቀኑ እንድትወስደው የታዘዘውን ሌላውን ፓፍ ደግሞ ልጅቷ ደህና ስትሆን አቁመውት ነበር። ነርሷ ሳትቆጣ፣ እሱ የሚወሰደው ደህና እንድትሆን ነው፣ ደህና ስትሆን የሚተው አይደለም አለቻት።

ቀለም ቀቢው ይህ ሁሉ ሲሆን ግቢው ውስጥ እየተንቆራጠጠ ጥፋተኛ ይፈልግ ነበር። መጀመሪያ የመንገዱን አቧራ ከሰሰ። ቀጥሎ የጎረቤትን ዶሮዎች። ከዚያ ትራሱን። ዶሮዎቹ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንደሌሉ ሚስቱ ስታስታውሰው የእትዬን ሽቶ ሊከስ አፉን ከፈተና ሻንጣውን አስታውሶ መልሶ ዘጋው።

ልጅቷ ትንፋሿ ሲመለስ ነርሷ የምትተኛበትን ክፍል ልይ አለች። ገብታ ተንበርክካ አልጋው ሥር አየች፤ የቀለም ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ ክዳኑ ያልገጠመ ሁሉ ነበረበት። ምንም አልተናገረችም። አልጋውን ከግድግዳው አራቀችው። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ያበራል። ጠጋ ብላ በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ግን እንደ ሊጥ ገባ አለ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ እድፍ ነበረ?» አለችው።

ሚስቱ መሬት መሬት ታያለች። እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ቀለም ቀቢው ከእትዬ ትከሻ ባሻገር ሳሎኑ ውስጥ የቆመውን ሻንጣ አየና፣ እውነቱን ከተናገረ ያ ሻንጣ በድንቢጥ ልብሶች ተሞልቶ ከዚህ ቤት እንደሚወጣ አሰበ። ያን ጊዜ ከእትዬ ቀሚስ ጎን አንዲት ትንሽ ጭንቅላት ብቅ አለች። ግቢ ተቀመጪ የተባለችው ድንቢጥ ናት።

«እድፍ?» አለች፣ ገና በሚያፏጭ ደረቷ ከቃል ቃል እያረፈች። «በአባዬ ቤት? ኧረ… ምንም… አልነበረበትም። ዓይኔን ግንባር… ያድርገው።»

መሐላው የእሱ ነበር። ለደንበኛ ሲምል፣ ነገ ይደርቃል ሲል፣ ቀለሙ አንደኛ ደረጃ ነው ሲል የሚምልበት መሐላ። አሁን ከዚያች ጠባብ ደረት ውስጥ እየተቆራረጠ ወጣ። በሕይወቱ ብዙ ነገር ሸፍኗል፤ ልጁ ትንፋሽ እየቸገራት ስለ እሱ ስትሸፍንለት ግን ሊያይ አልቻለም። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«ነበረ» አለ። «ሁልጊዜም ነበረ። እየመጣ እቀባዋለሁ።»

ሚስቱን ልጅቷን ወደ ግቢ አውጫት አላት። በሩን ዘጋ። ነርሷ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ አለች፤ ሁሉም ሸፈኑ። መፋቂያውን አነሳና ጫፉን ቀለሙ ሥር ሸጎጠው። ለመፋቅ ጉልበት ያስፈልጋል ብሎ ነበር፤ ቀለሙ ግን ሲጠብቀው እንደኖረ ሁሉ ከላይ እስከ ታች እንደ ብርድ ልብስ ተገሽልጦ እግሩ ሥር ወደቀ። በተቀደደበት ጠርዝ ላይ ንብርብሩ ይታያል። ነጩ፣ ከነጩ ሥር ክሬሙ፣ ከዚያ ድንቢጥ መራመድ ስትጀምር የቀባው ቢጫ፣ ከሁሉም ሥር ስትወለድ የቀባው ሰማያዊ። ከሰማያዊው ሥር ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነበር። መዳፍ የምታክል መስላ ትታይ የነበረችው እድፍ የሻጋታው ጣት ብቻ ነበረች።

እትዬ በጨርቁ ውስጥ ሆነው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ። ለወትሮው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ደስ ይላቸው ነበር። ያን ቀን ግን ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አልነበረም።

ቀለም ቀቢው ሳሎን ሄደ፣ ሻንጣውን አምጥቶ አልጋው ላይ ከፈተና የልጁን ሹራቦች ያጥፍ ጀመር። ሹራብ እንዴት እንደሚታጠፍ ስለማያውቅ ጠቅልሎ ጠቅልሎ ነው የሚከተው። ነርሷ ምን እያደረገ እንደሆነ ስላልገባት ጠየቀችው። ቤቱ አይሆንም ካልሽ እትዬ እንዲወስዷት ተስማምተናል አላት፣ ቀና ሳይል።

ነርሷ ሁሉንም ወደ ግቢ አወጣቻቸው። እኔ ፈራጅ አይደለሁም፣ ልጅ ከቤት እንድትወጣ ሳይሆን ችግሩ ከቤት እንዲወጣ ነው የተላክሁት አለች። ቀጥላም ልጅቷ የማትስልበት ቤት እንዴት ያለ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። እትዬ ለዚህ ጥያቄ ዓመታት ሲዘጋጁ ኖረዋል። ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ሥርዓት ሊጀምሩ ሲሉ ትንፋሿ የተመለሰላት ድንቢጥ ቀደመቻቸው።

«እትዬ ቤት እኮ የምተኛበት መስኮት የተሰበረ ነው። የሰበረው ሰው ካልተገኘ አላሠራም ብለዋል። ምንጣፍም የለም፤ ምንጣፉን ለዕቁባቸው ሰብሳቢ አውሰዋቸው አልመለሱላቸውም። መጋረጃውም ታጥቦ ጠብቦ ተነሳ። ንፋሱ ፊቴ ላይ ነው የሚመጣው፤ ደስ ይላል።»

ነርሷ ሳቋን ለመያዝ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረች። እንግዲህ ሥርዓት የተባለው ይኸው ነው አለች በመጨረሻ፣ ነፋስ የሚገባበት፣ አቧራ የሚይዝ ነገር የሌለበት፣ ግድግዳው ደረቅ የሆነ ቤት። እዚህም ይህን ማድረግ ይቻላል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ፣ ሻጋታው ይፋቅ፣ ግድግዳው ይድረቅ፣ መስኮቶቹ ይከፈቱ፣ ቀለምና ጣሳ ከመኝታ ቤት ይውጣ፣ በረኪናና የሚነፋ ሽቶ ይቅር፣ የየቀኑ ፓፍ አይቋረጥ። ይህ እስኪሆን ልጅቷ እትዬ ዘንድ ትቆይ። እሱ ደግሞ ከሥራ ሲመጣ ልብሱን ሳይቀይርና ሳይታጠብ ልጁን አይቀፍ፤ በብርጭቆ ወረቀት ግድግዳ ሲያሽ የዋለበትን አቧራ ይዞላት እየመጣ ነው።

ቀለም ቀቢው የመጨረሻውን ሲሰማ ከግድግዳው በላይ ደነገጠ። ድንቢጥ በየቀኑ በር ላይ ዘላ የምትጠመጠምበት ያ የሥራ ቱታው ነው። ሻንጣው ግማሽ ሞልቶ ወጣ። እትዬ ሲወጡ፣ እስኪደርቅ ድረስ ነው አይደል ብሎ ጠየቃቸው። እስኪደርቅ ነው አሉት። አላመናቸውም።

የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ሽማግሌ ነበር። መታጠቢያ ቤቱን እየቆፈረ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይል ነበር፤ ውሃው እንኳ ከጥሩ አልነበረም። ግድግዳው ውስጥ የተሰነጠቀ ቧንቧ እያንጠባጠበ ዓመታት ኖሯል። ቧንቧው ተቀየረ። ቀለም ቀቢው ግድግዳውን እስከ ሲሚንቶው ፋቀው፣ አጠበው፣ መስኮቶቹን በምላጭ ዙሪያቸውን እየቆረጠ ከፈታቸው። የመጀመሪያው ሲከፈት የመንገዱ ጫጫታ፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ የልጆች ኳስ ድምፅ አንድ ላይ ገባ፤ ሚስቱ ሰፈሩ እንዲህ ወሬኛ መሆኑን ረስታው ነበር።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ለደንበኞቹ «ነገ ይደርቃል» ሲል የኖረ ሰው፣ ግድግዳ ሲደርቅ ቁጭ ብሎ ማየት ምን እንደሆነ ገባው። ጠዋት ተነስቶ ጉንጩን ያስጠጋበታል። ማታ ተመልሶ በሌላኛው ጉንጩ ይፈትነዋል። በካርቶን ያራግብለታል። ሚስቱን ገላሽን ቶሎ ቶሎ ታጠቢ፣ እንፋሎት አታብዢ እያለ ነዘነዛት። የመጣ ደንበኛ ያንን ራቁቱን የቆመ ሲሚንቶ በበሩ አሻግሮ አይቶ፣ ይኼን ማን ሠራው ብሎ ሲጠይቀው፣ እኔ ነኝ አለ፣ አልቀለለውም እንጂ።

እትዬ በበኩላቸው በመስኮቱ ነገር ልባቸው ተነክቷል። መስታወት አስገጥመው ወፍራም መጋረጃ ሰቀሉ። ድንቢጥ በዚያው ማታ ሳል ስትጀምር ግን በርጩማ ላይ ወጥተው መጋረጃውን በገዛ እጃቸው አወረዱትና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። ለማንም አልተናገሩም። የተናገረችው ድንቢጥ ናት።

ነርሷ ተመልሳ መጥታ አውራ ጣቷን ግድግዳው ላይ ስትጫን ጣቷ አልገባም። ልጅቷ ትምጣ አለች። ለመቀባት ግን አትቸኩሉ፣ ስትቀቡም እሷ በሌለችበት፣ መስኮት ተከፍቶ ነው አለች። ሻንጣውን ይዘው የመለሱት እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ ሹራቦቹ ሁሉ በሥርዓት ታጥፈዋል። ሲሰናበቱ ዓይናቸው ላይ የነበረውን እንባ በመንገዱ አቧራ አሳበቡ፤ ቀለም ቀቢውም አቧራ ነው ብሎ መሰከረላቸው።

አንድ ጥያቄ ግን ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ያን ቀን ልጁ ለምን እንደዋሸች ሊጠይቃት ይፈልጋል፤ ያፍራል፤ ይተወዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲመለስ ድንቢጥ የክፍሏ መስኮት ላይ ክርኗን አስደግፋ መንገዱን ስታይ አገኛት። ውጭ እንዳለ፣ በቱታው፣ መስኮቱ ሥር ቆመ።

«ድንቢጤ፣ እትዬ ቤት ሳል እንደሌለ ታውቂ ነበር» አላት። «ታዲያ ለምን እድፍ የለም አልሽ?»

ድንቢጥ እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት አይገባውም ብላ አየችው።

«እትዬ ቤት ሳል የለም» አለች። «አንተም የለህም።»

ቀለም ቀቢው ሁለት እጁን ዘርግቶ በመስኮቱ ሊያቅፋት ተንጠራራ። ድንቢጥ ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈግፍጋ መዳፏን እንደ ትራፊክ አነሳችና በጣቷ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመለከተችው። ሮጠ። በዚያ ፍጥነት ሰው ታጥቦ አያውቅም፤ ከጆሮው ጀርባ ያለው ነጭ ቀለም እንዳለ ነበር፣ እሷም ስትጠመጠምበት እያየችው ስለ ትምህርት ቤቱ ድመት ካቆመችበት ቀጠለች።